የጥይቷ ቁልቁለት

ፍሰሐ ሳሎኑ መሀል በጀርባው ተዘርሯል። ጥይቷ የመስኮቱን መስታወት በስታ፣ ጉሮሮውን በጥሳ፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅራለች። ሚስቱ ትርንጎ ደም በተረጨው ሶፋ ሥር ተቀምጣ ፊቷን ትነጫለች።

የዚያን ቀን ጠዋት የልደታ ኮንዶሚኒየም ያፈሰሰው ግን የፍሰሐን ደም ብቻ አልነበረም። የጥበቃው የጋሽ ደገፋ ሲሞኖቭ ጠብመንጃ አፈሙዙ ሳይበርድ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ስለተገኘ ጎረቤት ሁሉ በድንጋይና በፌሮ ተረባርቦባቸዋል። ሆስፒታል ሲወሰዱ ነፍስ ይኑራቸው አይኑራቸው አይለይም ነበር። ለመፍረድ የቸኮለ ሰው ለመጠየቅ ጊዜ የለውም።

ኢንስፔክተር ጀነት ሬሳውን ተራምዳ ሜትሯን ዘረጋች። «ጠብመንጃውን መጀመሪያ ያየው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ በሩ ላይ ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች መካከል ኃይለሚካኤል፣ የፊት ለፊቱ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ነዋሪ። «ያ ሽማግሌ ከታች ሆኖ ተኩሶ ነው።»

«ከታች የተተኮሰ ጥይት እየወጣ ይሄዳል። መስታወቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከወለሉ አንድ ሜትር ከስልሳ ነው፤ የግድግዳው አንድ ሜትር ከሃያ። በመካከላቸው አራት ሜትር አለ። አርባ ሳንቲም ለአራት ሜትር ስታካፍለው ጥይቷ በየሜትሩ አሥር ሳንቲም ወርዳለች። የመጣችው ከላይ ነው።»

ኃይለሚካኤል ጣቱን ወደ ፊት ለፊቱ ብሎክ ቀሰረ። «እንግዲያው ሦስተኛ ፎቅ ነዋ! ይሄ ሁለተኛ ነው፤ በአንድ ፎቅ የሚበልጠው ከእኔ ሥር ያለው የሙደሲር ቤት ነው።»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!» አለ ልብስ ሰፊው ሙደሲር። ንግግሩን ሳይጨርስ አንዱ ጎረቤት አንገቱን አነቀው። ጀነት ሽጉጧን መዘዘች።

«ጋሽ ደገፋ አይበቋችሁም? ልቀቀው!»

ከዚያ ግንበኞች የከፍታ ልክ የሚያወጡበትን ውስጡ የሚታይ ነጭ ጎማ አስመጥታ ውሃ አስሞላችውና ከፍሰሐ መስኮት እስከ ፊት ለፊቱ ብሎክ አስወጠረችው። እዚህ ውሃውን ከመስታወቱ ቀዳዳ ጋር ሲያስተካክሉት፣ እዚያ ሙደሲር ቤትም ከወለሉ አንድ ሜትር ከስልሳ ላይ ቆመ።

ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ግቢያችሁ ቁልቁለት ነው» አለች። «የወዲያኛው ብሎክ መሠረት በአንድ ፎቅ ዝቅ ይላል። የእነሱ ሦስተኛ ከፍሰሐ ሁለተኛ ጋር እኩል ነው፤ ሙደሲር ቢተኩስ ኖሮ ጥይቷ ሳትወርድ ቀጥ ብላ ትገባ ነበር። በብሎኮቹ መካከል ሃያ ስምንት ሜትር አለ። በየሜትሩ አሥር ሳንቲም ወደኋላ ስንወጣ ከቀዳዳው በላይ ሁለት ሜትር ከሰማንያ፣ ከሙደሲር ወለል አራት ሜትር ከአርባ ይሆናል። የአንዱ ፎቅ ሦስት ሜትር ሲቀነስ፣ ያ አራተኛ ፎቅ ላይ የቆመ ሰው ትከሻ ነው።»

ዓይን ሁሉ ኃይለሚካኤል ላይ ዞረ።

«ጋሽ ደገፋ የውሃ ሞተር ሊያስነሱ ሲሄዱ ጠብመንጃቸውን ትተው እንደሚሄዱ ታውቃለህ። በምንጣፍ ጠቅልለህ አወጣኸው፤ ሰው ወደ ጩኸቱ ሲሮጥ መለስከው። ቀለሃዋን በረንዳህ ላይ ካለው የልብስ ማጠቢያ ውስጥ አገኘናት።»

ትርንጎ ጮኸች። «ታርቃችሁ አልነበር እንዴ! በሽማግሌ!»

«ይቅር ያልኩት በአፌ ነው!» አለ ኃይለሚካኤል። «ልጄን በመኪና ጨፍልቆ ጉልበቴን ስሞ ሄደ። በየማለዳው መስኮቱ ላይ ቆሞ ሲስቅ አየዋለሁ!» ጩቤ መዝዞ ወደ ትርንጎ ተወረወረ። ጀነት ክንዱን ጠምዝዛ ስትሰብረው የአጥንቱ ድምፅ ተሰማ።

ካቴናው እንደገባ ስልኳ ጠራ። አዳምጣ ዘጋችው።

«የፍሰሐ ገዳይ ይኸው» አለች። «ጋሽ ደገፋ አሁን አርፈዋል። የግቢውን በር ዝጉት፤ ማንም እንዳይወጣ።»

 ጎረቤቶቹ ጠዋት ድንጋይ ያነሳ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።