የጠራዡ መድኃኒት

ጠራዡ የሞተው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ የጤና መድን ማሻሻያ ረቂቁን እየጠረዘ ሳለ ነበር። ግንባሩን በወረቀቱ ክምር ላይ ደፍቶ ሲያገኙት እንቅልፍ የጣለው መስሏቸዋል።

ኢንስፔክተሯ ማተሚያ ቤቱ ስትደርስ ሐኪሙ «ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል» አላት። «ለቀናት ኢንሱሊን ያልወሰደ ሰው ነው የሚመስለው።»

ሁሉም ግን ወስዷል አሉ። ቤቱ ፍሪጅ ስላልነበረው ብልቃጡን የሚያስቀምጠው በመሥሪያ ቤቱ ሻይ ክፍል ፍሪጅ ውስጥ ነበር፤ ጠዋት ሲገባና ማታ ሲወጣ ይወጋል። ኢንስፔክተሯ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ከታች ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል። በመዳፎቿ መሀል አንከባለለችው፤ ለአፍታ ተደባለቀና ተመልሶ ዘቀጠ። ወደ ላቦራቶሪ ላከችውና ሥራ አስኪያጁን አስጠራች።

«ከሟቹ ጋር ቅሬታ ነበራችሁ?»

«ቅሬታው ከመድን ድርጅቱ ጋር ነው። በእሱ ሕመም ምክንያት የሁላችንንም ወርሃዊ ክፍያ እጥፍ አደርጋለሁ አለ። እኔም አልችልም፣ ውሉን አቋርጣለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግማሹ ሠራተኛ ሟቹን አኮረፈው።»

«መድኃኒቱ ምን ይመስል ነበር?»

«እንደ ውሃ የጠራ ነው። ስንቴ እፊቴ በመርፌ ስቦታል።»

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ዓይኗ አብጧል። «የመድን ድርጅቱ ሰዎች ባለፈው ሳምንት መድኃኒቱን ቀየሩበት» አለች። «ርካሹን ብቻ ነው የምንሸፍነው አሉ። የስኳር መለኪያውንም አስቀሩበት። ደብዳቤውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አዲሱ ምን ይመስላል?»

«አላየሁትም።»

መጨረሻ የገባው የማተሚያ ማሽኑ ኦፕሬተር ነበር፤ ብረቱ ይሉታል። የሟቹ አብሮ አደግ ነው።

«ከተኳረፍን ወር አለፈን» አለ። «ሚስቴ የልብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላት። ውሉ ከተቋረጠ አለቀላት። እሱን ላለማየት ስል ሻይ ክፍሉንም ረግጬው አላውቅ።»

«መድኃኒቱን ያውቁታል?»

«ነጭ ነው፣ ወተት የመሰለ። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለችና ጻፈችው።

በማግስቱ ሦስቱን መጠረዣ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ብልቃጡ ውስጥ የነበረው ውሃና ስታርች ነው» አለች። «የታተመው ወረቀት እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ማሽኑ የሚረጨው ዱቄት። ሟቹ ውሃ ሲወጋ ሰነበተ፤ መለኪያ ስለሌለው አላወቀም። ዱቄቱን ማንም ሊያነሣው ይችላል። ግን ለምን አስፈለገ? አሮጌው መድኃኒት የጠራ ስለነበር ውሃ ብቻ ይበቃ ነበር። ነጩ የመጣው ባለፈው ሳምንት መሆኑን መድኃኒት ቤቱ ነግሮኛል። መድኃኒቱን በዱቄት የቀየረው ሰው ይህን ያውቃል።» ወደ ኦፕሬተሩ ዞረች። «ሥራ አስኪያጁ የጠራ ነው አሉኝ፤ እሷ አላየችውም። እርስዎ ወር ሙሉ ሻይ ክፍል ሳይገቡ ወተት እንደሚመስል በምን አወቁ?»

ብረቱ የጣቶቹን ቀለም በአውራ ጣቱ ይፍቅ ጀመር። «እሱ እንደሆነ ታማሚ ነው ብዬ ነው» አለ። «ሚስቴ ግን ትድናለች። ሁለት ልጆች አሏት።»

ከዚያ ወደ አለቃው ዞረ።

«ውሉ ግን ይታደሳል አይደል ጋሼ?» ሲል ሥራ አስኪያጁን ጠየቀው። «አሁን ክፍያ የሚጨምሩበት ምክንያት የላቸውም።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። «አቋርጬዋለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያለፈው ቅዳሜ ነው የፈረምኩት። ወሩ እስኪያልቅ ሰው አይረበሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ብረቱ ትክ ብሎ አየው።

«እኔ የቀየርኩት ሰኞ ነው» አለ።