አምስተኛው መለኪያ

ይህን የሚለጥፈውን ገጽ አድሚን አንድ ነገር ለምኛታለሁ፤ ከላይ «ልብ ወለድ» የሚል ቃል እንዳትጽፍበት።

ልብ ወለድ አይደለም።

ሌሊትም አልነበረም። ሰኔ ውስጥ ነው፣ በቀን፣ ሰው ሁሉ ውጭ ቆሞ እያወራ... ከበቆጂ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ የዘር መጋዘን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የሆነውን እስከ ዛሬ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ስሜ ኤፍራታ ነው። አሰላ በአንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ድርጅት እሠራለሁ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ፕሬዘንቴሽን ሲደርስ ከክፍል የምቀር ልጅ ነበርኩ። ከማሽን ጋር የሚያውል ሥራ የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

የተላክሁበትን ጉዳይ በቀላሉ ልንገራችሁ።

መጋዘኑ ለዘር በተመረጠ ገብስ ተሞልቷል። የነቀዝ ኪኒን ተጨምሮበት፣ በሩና መስኮቱ በፕላስቲክ ታሽጎ ሰንብቷል። ኪኒኑ ቀስ እያለ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ነቀዙን ይገድላል... ሰውም ይገድላል። ስለዚህ ውስጥ ግድግዳው ላይ አራት መለኪያዎች አሉ። ጋዙንና ሙቀቱን እያነበቡ በሽቦ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ይልካሉ። ጋዙ ዜሮ ሳይሆን ማንም አይገባም።

ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩ ታደሰ። የሲስተሙ እምብርት፣ ከርነል የምንለው፣ ተቀየረ። መለኪያዎቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሞጁል የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ግን ለድሮው ከርነል የተሠራ ነበር። አዲሱ አልቀበልም አለው። የኔ ሥራ ያንን ሞጁል ለአዲሱ ከርነል እንደገና መገንባት ነው።

ቀላል ሥራ ነው። ቢበዛ ግማሽ ቀን።

ስደርስ ከግቢው ውጭ የፈረስ ጋሪዎች ተደርድረዋል። ዝናቡ ገብቷል፤ ገበሬው ዘሩን ይዞ ለመሄድ ከንጋት ጀምሮ በጉሙ ውስጥ ቆሟል።

«ኢንጂነሯ ይቺ ናት?» አለ ቱሳ፣ የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ረጅም ዱላውን ተደግፎ። «እኔ ኢንጂነር ሲሉ ጢም ያለው ሰው መስሎኝ!»

«ተው አታሳፍራት» አለች ሙቢና፣ የቢሮው ጸሐፊ። «ቀላች እኮ፣ እያት!»

የመጋዘኑ ኃላፊ ኦቦ ከሊፋ አልሳቁም። «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ትጨርሻለሽ?»

«እስከ... እስከ ስድስት ሰዓት ይደርሳል፣ ኦቦ ከሊፋ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

አልነበርኩም። አዎ አልኳቸው።

ቢሮው ከመጋዘኑ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ተቀመጥኩ። አለቃዬ ወንደሰን ዛሬ ጠዋት አዘጋጅቶ በፍላሽ የሰጠኝን የሞጁሉን ምንጭ ኮድ ገለበጥኩ፤ የአዲሱን ከርነል አድራሻ አስተካክዬ ሜክ የሚባለውን መገንቢያ አስነሳሁ።

ሜክ ሥራውን የሚያውቀው በሰዓት ነው። የትኛው ፋይል በኋላ እንደተነካ ያያል፤ የተነካውን ብቻ እንደገና ይሠራል።

ወዲያው ቢጫ ማስጠንቀቂያ ወጣ።

*የሰዓት መዛባት አለ። የእነዚህ ፋይሎች ሰዓት ገና አልደረሰም።*

የኮምፒውተሩን ሰዓት አየሁ። ሦስት ከሃያ ይላል። ሳላስበው ሳቅሁ።

«ሙቢና... ሰዓቱን የነካው አለ?»

«እኔ ነኝ። በጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ሲል ጊዜ ተበላሽቷል ብዬ አስተካከልኩት።»

«በፈረንጅ ነው እኮ የሚቆጥረው።»

«አርሲ ተቀምጦ ለማን ብሎ ነው በፈረንጅ የሚቆጥረው?»

ወደ ቦታው መለስኩት። ከወደፊት የመጡ ይመስሉ የነበሩት ፋይሎች ሁሉ ሰዓታቸው ያለፈ ሆነ።

ከአንዱ በስተቀር።

የአንዱ ፋይል ሰዓት አሁንም አልደረሰም። በእኛ አቆጣጠር የዚያኑ ዕለት ስድስት ሰዓት ተኩል ይላል።

ከፈትኩት። ትንሽ ፋይል ናት፤ ለሞጁሉ የመለኪያዎቹን ብዛት ትነግረዋለች።

አምስት ትላለች።

ወንደሰን ጋ ደወልኩ።

«አራት ናቸው» አለ።

«ፋይሉ አምስት ይላል።»

«ኤፊ፣ ሽቦውን የዘረጋሁት በነዚህ እጆቼ ነው። አራት ናቸው። አስተካክለሽ ቀጥዪ።»

አራት ብዬ ጻፍኩ። አስቀመጥኩት። የፋይሉ ሰዓትም የአሁኑ ሆነ። ሜክን አስነሳሁ።

ያው ማስጠንቀቂያ።

ከፈትኩት... አምስት። ስድስት ሰዓት ተኩል።

ከኋላ ሆኖ የሚገለብጠው ትእዛዝ ይኖራል ብዬ ሜክ የሚከተለውን የትእዛዝ ዝርዝር፣ ሜክፋይሉን፣ መስመር በመስመር አነበብኩ። የለም። ፍላሹን ነቀልኩ። ኢንተርኔቱ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ከውጭ የሚነካው ሰው ሊኖር አይችልም። በመጨረሻ እንደገና አራት ብዬ ጽፌ ፋይሉን ማንም እንዳይጽፍበት ቆለፍኩት።

ሜክን አስነሳሁ።

አምስት።

ጣቶቼ ቀዘቀዙ። የበቆጂ ብርድ ነው አልኩ።

ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ኦቦ ከሊፋ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ሰዓታቸውን አዩ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» ማለት። ለእኔ ግን ያ ዓረፍተ ነገር ተራራ ነው።

ይሁን ብዬ ሞጁሉን ከነአምስቱ ጫንኩት።

ስክሪኑ ላይ አምስት መስመር መጣ።

አራቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ጋዝ ዜሮ። ሙቀት አሥራ አንድ ዲግሪ።

አምስተኛው ጋዝ አያሳይም። ሙቀት ብቻ።

ሠላሳ ሰባት።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ኦቦ ከሊፋ ዜሮዎቹን አይተው። «ቱሳ! በሩን ክፈት!»

«ይቺ አምስተኛዋስ?» አለች ሙቢና።

«ስህተት ናት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ውጭ ወጣን። ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን ማስጠጋት ጀመሩ። ቱሳ ፕላስቲኩን እየላጠ ነው።

«ገብቼ መስኮቶቹን ከፍቼ እወጣለሁ» አለኝ። «እስከዚያ ትንፋሼን እይዛለሁ። አምናም እንዲሁ ነው ያደረግሁት።»

ሁለት ጊዜ የጻፍኩትን የሰረዘ ማሽን ዜሮ ቢለኝ ልመነው? አላመንኩትም። ግን ለዚያ ሁሉ ሰው «አይሆንም» ከማለት ራሴ ብገባ ይቀለኝ ነበር። እውነቴን ነው።

«መጀመሪያ እኔ ልግባ» አልኩ። «ሽቦውን... ማየት አለብኝ።»

«አንቺ?» ሳቀ። የአንገት ልብሱን አውልቆ አፌ ላይ አሰረልኝ። «ሂን ሶዳቲን» አለኝ፤ አትፍሪ ማለቱ ነው። ቁልፉን ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተተ።

ያን ጊዜ ሙቢና ከቢሮው መስኮት ጠራችኝ። አልጮኸችም።

«ኤፊ... ነይ።»

«ምን?»

«ቀስ ብለሽ ነይ።»

ገባሁ። ስክሪኑን በጣቷ አሳየችኝ።

አምስተኛው መስመር ሠላሳ አራት ላይ ነው።

ሠላሳ ሦስት።

«እየወረደ ነው» አለች በሹክሹክታ።

አራቱ አልተነቃነቁም። አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ። አምስተኛው ብቻ... ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ እነሱ ይወርዳል።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚቀዘቅዘው?» አልኳት።

ሻርፗን ወደ አፏ ሰበሰበች።

«አምና የአክስቴን ሬሳ ካጠቡት ሴቶች ጋር ነበርኩ።»

«እና?»

«እጄ ሥር... እንዲህ ነው የቀዘቀዘችው።»

የኮምፒውተሩን ሰዓት አየሁ። ለስድስት ተኩል የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው።

የፋይሉ ሰዓት ገና አልደረሰም። የማየውም ነገር ገና አልሆነም። ግን ተመዝግቧል።

አንድ ሰው ሊገባ ነው።

ሮጬ ወጣሁ። ቱሳ ጓጉንቸሩን አውልቆ መወርወሪያውን ይዟል። «ነያ፣ ኢንጂነር» ሲል...

«አይከፈትም!»

ፈረሶቹ ቀና አሉ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ኦቦ ከሊፋ ዞሩ። «ምን ማለትሽ ነው? ማሽኑ ዜሮ ነው አላለም?»

«ዜሮ ነው የሚለው። እኔ ግን አላመንኩትም።»

«ልጄ፣ ይሄ ሰው ከንጋት ጀምሮ ቆሟል! ዘሩ ዛሬ ካልወጣ ማሳው በዝናብ ይጨቀያል። ለሱ ምን ልበለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት ይበሉት። ኦቦ ከሊፋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ማንም አይገባም።»

ጓጉንቸሩን ከቱሳ እጅ ወስጄ ቆለፍኩት። ቁልፉን ጨበጥኩ።

«ጢሙ በቀለ» አለ ቱሳ ለጋሪ ነጂዎቹ።

ማንም አልሳቀም።

ጀርባዬን ለብረቱ በር ሰጥቼ ቆምኩ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ጋሪዎቹን አንድ በአንድ ዋጣቸው። ሰው ያጉረመርማል። ኦቦ ከሊፋ ወንደሰንን በስልክ እየተቆጡ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አለፈ።

ምንም አልተሰማም።

ወደ ቢሮው ስመለስ ሙቢና ከወንበሩ ርቃ ግድግዳው ጥግ ቆማለች።

አምስተኛው መስመር ጠፍቷል።

«አሥራ አንድ ደረሰ» አለችኝ። «ከነሱ ጋር እኩል ሆነ። ከዚያ... የለም።»

ፋይሉን ከፈትኩት። አራት ይላል። ሰዓቱም ጠዋት እኔ የጻፍኩበት ሰዓት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሜክን አስነሳሁ። ማስጠንቀቂያ የለም። አንድ መስመር ብቻ መለሰልኝ።

*የሚሠራ ነገር አልቀረም።*

በማግስቱ ወንደሰን ጭምብል ያላቸው ሁለት ሰዎች ይዞ ከአሰላ መጣ። በእጃቸው የሚይዙት የጋዝ መለኪያ አላቸው። በሩ በጣት ስፋት እንደተከፈተ መሣሪያው መጮህ ጀመረ። ሁለቱም ወደ ኋላ ዘለሉ።

ጋዙ ሙሉ ነበር።

ወንደሰን በኋላ አንዱን መለኪያ ፈትቶ አሳየኝ። ጋዙ ውስጡ ያለውን መዳብ በልቶ አጥቁሮታል። አራቱም ጋዝ ማየት አቁመው ነበር፤ ስለዚህ ዜሮ ይላሉ።

«አምስተኛውስ?» አልኩት።

«የቱ አምስተኛ?» አለ።

ኦቦ ከሊፋ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ትናንት ያናገረሽ አላህ ነው» አሉኝ። ቱሳ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጢም ቀልዶብኝ አያውቅም።

በሩና መስኮቶቹ ከውጭ ተከፍተው መጋዘኑ ሲናፈስ አደረ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጭምብል ያላቸው ሰዎች ግቡ አሉን።

ገባን። ቱሳ ከፊት፣ እኔ ከኋላው።

ከበሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ገና ከረጢት ያልገባ ገብስ ሜዳ ሆኖ ተነጥፏል። ደረቅ ነው፣ ስንረግጠው ይንሿሿል። ጣራው አያፈስም። ውሃ የሚባል ነገር የለም።

ቱሳ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ገብሱ መሀል ላይ አንድ ቦታ ብቅል ሆኗል። ነጭ ሥሩን አውጥቶ፣ እርስ በርሱ ተቆላልፎ... በዚያ ቦታ ብቻ። ከዚያ አንድ ጣት እልፍ ሲሉ ያው ደረቅ ገብስ ነው።

ቅርጽ አለው።

በደረቱ የተኛ ሰው። አንድ እግሩ ታጥፏል። አንድ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ ሳይቀሩ በቅለዋል።

ቱሳ ዱላውን ከቅርጹ አጠገብ አጋደመ። አንዱን ጫፍ ከተረከዙ ጋር አስተካከለ፤ አናቱ በደረሰበት ቦታ ላይ ዱላውን በአውራ ጣቱ ያዘ። ከራሱ ከቱሳ ቁመት ያጥራል፤ በዓይን ያስታውቃል።

አውራ ጣቱን ሳያነሳ ተነሣ። ዞረ።

ዱላውን ቀስ አድርጎ እግሬ አጠገብ አቆመው።

አውራ ጣቱ አናቴ ላይ አረፈ።