የናፖሊ–ሚላኖ ገጽ

ኢንጂነር ኤጂዲዮ ቫልሴኪ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አጠገባቸው አንድ ከባድ የነሐስ የባቡር ፋኖስ ወድቋል፤ ጠርዙ ደም ነክቶታል። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። ግማሽ ዕድሜያቸውን ሐዲድ ሲያስዘረጉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የተሳፋሪዎችን ማኅበር መምራት ጀመሩ። ማኅበሩ በዚያው ሳምንት ሊያሳትመው የነበረው መጽሐፍ አንድ የቆየ ክርክር ይቆርጣል፦ ከአንዱ የኢጣሊያ ከተማ ወደ ሌላው ለሚሄድ ሰው ባቡር ይሻለዋል ወይስ ርካሽ አውሮፕላን? መልሱ በማስታወቂያ ሳይሆን በሰዓት ነበር የተለካው፤ ከቤት ደጃፍ እስከ ቤት ደጃፍ።

ኢንስፔክተር ኦርኔላ ብሩስኪ ከሚላኖ ማዕከላዊ ጣቢያ ብዙም ወደማይርቀው ቢሮ ስትደርስ አቃቤ ሕጉ ማንሊዮ ግሬፒ ቀድሟታል። ባዶ እጁንም አልነበረም፤ ወንጀለኛ ይዞ ነበር የጠበቃት።

«ጉዳዩ አልቋል» አላት። «ሴቲሚዮ ላጋና ይባላል፤ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ሲጮህባቸው ጎረቤት ሰምቷል። አሻራው ፋኖሱ ላይ ሞልቷል።»

«ፋኖሱን ማን አመጣው?»

«ራሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ለልደታቸው ሰጣቸው።»

«ታዲያ የማን አሻራ እንዲገኝበት ፈልገው ነበር?»

ግሬፒ ፊቱን አጨማደደ። እንዲህ ያለ አቃቤ ሕግ በየአገሩ አይጠፋም፤ የሠራተኛ ልብስ የለበሰ ሰው ካየ ምርመራው ያለቀ ይመስለዋል። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ለጋዜጠኞች መግለጫ እሰጣለሁ» አላት። «እስከዚያ ሌላ ስም ካላመጣሽ የገዳዩ ስም ላጋና ነው።»

ላጋና በጎን ክፍል፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል።

«ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ። «የባቡር መዘግየትን ሰንጠረዥ መጀመሪያው ገጽ ላይ አወጡት። ‹የገዛ ቤትዎን ነውር ለምን ያስቀድማሉ?› አልኳቸው። ‹እውነት ስለሆነ› አሉኝ። ግትር ሽማግሌ! እወዳቸው የነበረውም ለዚህ ነው።»

«ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ። በንዴት ስዞር ቆየሁ፤ ቆሜ ቡና ጠጣሁ። ማንም አላየኝም። ጣቢያ አጠገብ ቆሞ ቡና የሚጠጣ የባቡር ሰው ማን ልብ ይለዋል?»

«ግሬፒ ምን አለህ?»

«‹እመን፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል›። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ትኬት የሌለውን ሰው አለው ብዬ አላውቅም። ያልገደልኩትን ገደልኩ ልበል? ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ነገ ትምህርት ቤት ምን ተብለው ሊጠሩ ነው?»

ሬሳውን ያገኘችው የማኅበሩ ጸሐፊ ፉልቪያ ብሬሳን ነበረች። ዓይኗ አብጧል፤ ምላሷ ግን እንደተሳለ ነው።

«ለአምስት ሰዓት አስር ጉዳይ ወደ ፖስታ ቤት ስወጣ ከማተሚያ ቤቱ ጋር በስልክ ያወሩ ነበር። አምስት ከሃያ ላይ ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ለስድስት ሰዓቱ ስብሰባ ሰው ስለሚመጣ በሩን አልቆለፍኩትም። አቃቤ ሕጉ ‹ላጋና ተመልሶ መጥቶ ነው› ይላል። ይበላ! እሱ ምን ይሳነዋል?»

ኦርኔላ የመጽሐፉን ረቂቅ ገጽ በገጽ አገላበጠች። ከአርባ ቀጥሎ አርባ ሁለት ነው።

«አርባ አንድ ምን ነበር?»

ፉልቪያ ቀና አለች። «የናፖሊ–ሚላኖ ገጽ።»

ኦርኔላ ማተሚያ ቤት ደወለች። አታሚው ቃል በቃል ያስታውስ ነበር፦ «‹በገጽ አርባ አንድ ዋሽተውኛል፤ ራሴ ሄጄ ለካሁት። ባቡሩ በአንድ ሰዓት ከሩብ ይቀድማል። ገጹን በእጄ አርሜዋለሁ፤ ከሰዓት በፊት እልክልሃለሁ› አሉኝ።»

ስልኩን ስትዘጋ አንድ ረጅም፣ ጥሩ የለበሰ ሰው ከውጭ ገብቶ ፉልቪያን እያጽናና ነበር። ኮራዶ ዮቪኔ ይባላል፤ ከናፖሊ የመጣ የማኅበሩ ምክትል ሊቀመንበር ነው። ስድስት ከአስር ላይ ለስብሰባው ሲደርስ ሕንፃው በፖሊስ ተከቦ እንዳገኘው ነገራት።

«እንዴት መጡ?»

«በአውሮፕላን ነዋ። አምስት ሰዓት ላይ አረፈ፤ ከዚያ አውቶቡስ።» የመሳፈሪያ ወረቀቱን ከስልኩ አሳያት። «እኔ ባቡር ላይ ዕድሜዬን አልፈጅም፣ ሲኞራ። ሥራ የሌለው ይሳፈርበት።»

«ሻንጣስ አስጫኑ?»

«ከመቀመጫ ሥር የምትገባ ቦርሳ ብቻ ናት ያለችኝ። ርካሹ ትኬት ሌላ አይፈቅድም።»

ኦርኔላ ወደ ፉልቪያ ጠረጴዛ አየች። ውሃ የሞላ፣ አፉ የተቋጠረ የላስቲክ ከረጢት ተቀምጧል፤ ውስጡ ጡጫ የሚያካክሉ ሦስት ነጫጭ ድቡልቡሎች ይዋኛሉ።

«ይሄስ?»

«ሞዛሬላ፤ የጎሽ ወተት አይብ» አለች ፉልቪያ። «እናቱ ሁልጊዜ ይልኩልኛል።»

«ከነውሃው?»

«ከነውሃው እንጂ! ከውሃው ከወጣማ ምኑን ሞዛሬላ ሆነ?»

ዮቪኔ በሐዘኑ መሐል ፈገግ አለ። «የደቡብ እናት ያውቃሉ፣ ሲኞራ? ሰሜን የሚሄድ ልጇን ባዶ እጁን አትሸኝም። ዛሬ ጠዋት ገና ከቤት ሳልወጣ አስያዘችኝ።»

ኦርኔላ ከቀትር በኋላ ለአየር መንገዱ ደውላ ዮቪኔ መሳፈሩን ጠየቀች፤ «ጥያቄዎ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ይመለሳል» አሏት። ስልኩን ጠረቀመችውና በእግሯ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደች።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም እዚያው ቢሮ ተሰበሰቡ። ላጋና በካቴናው፣ ግሬፒ በአዲስ ክራቫቱ።

«ቶሎ በይ» አላት ግሬፒ። «ጋዜጠኞቹ ታች ናቸው።»

«ይጠብቁ! ገዳዩ ከዚህ ክፍል የወሰደው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ኢንጂነሩ ባቡሩ እንደሚያሸንፍ በእጃቸው ያረሙበትን ገጽ። የባቡር ሰው ባቡር ያሸነፈበትን ገጽ ለምን ይሰርቃል?»

ግሬፒ ረቂቁን ስቦ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ገጹ የሚያሳፍረው የመጀመሪያውን የሐሰት ቁጥር ያቀበለውን ሰው ነው። ፉልቪያ እንደነገረችኝ፣ ሲኞር ዮቪኔ ‹ስድስት ጊዜ በባቡር ሄጄ ለካሁ› ብለው ነበር፤ አንድ ጊዜም አልለኩም። መጽሐፉ አውሮፕላኑን ካሸለመ ግን፣ በረራ ለሚያስተዋውቅ አንድ ድርጅት ቃል አቀባይ ሊሆኑ ቃል ተገብቶላቸዋል። ትናንት ድርጅቱን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።»

«ስም ማጥፋት ነው!» ዮቪኔ ብድግ አለ። «እኔ ያን ሰዓት ሰማይ ላይ ነበርኩ!»

«ሞዛሬላውም አብሮዎት በረረ?»

«ምን?»

«በአየር ማረፊያ ፍተሻ ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ አያልፍም። ከረጢቱ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዟል። ሻንጣ ደግሞ አላስጫኑም።»

«ከ... ከፍተሻው ወዲያ ካለው ሱቅ ነው የገዛሁት።»

ፉልቪያ ከወንበሯ ተፈናጠረች። «ውሸታም! ‹እናቴ ከቤት ሳልወጣ አስያዘችኝ› ያልከው ትናንት አይደለም? የእናትህን ቋጠሮ አሥር ዓመት ስፈታ ኖሬያለሁ፤ የሱቅ ነው ትለኛለህ?»

«የት እንደምፈልግ ካወቅሁ በኋላ ቀላል ነበር» አለች ኦርኔላ። «ከናፖሊ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት የተነሳው ፈጣን ባቡር አራት ተኩል ላይ ገባ። የጣቢያው ካሜራ ሲወርዱ ይዞዎታል፤ ከረጢቱ በእጅዎ ነው። ከዚያ እዚህ በእግር አምስት ደቂቃ። በአውሮፕላኑ ቢመጡ ኖሮ የታረመው ገጽ ማተሚያ ቤት ገብቶ ያገኙት ነበር። ኮራዶ ዮቪኔ፣ የቸኮልክ ዕለት አንተም የመረጥከው ባቡር ነው። ሟቹ የጻፉት ቁጥር ልክ መሆኑን ከአንተ በላይ የመሰከረ የለም።»

ዮቪኔ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ከትናንት ወዲያ ማታ ደውለው ‹ገጹን ቀይሬዋለሁ› አሉኝ» አለ ድምፁ ወርዶ። «ልለምናቸው ነበር የመጣሁት። የበረራውን ትኬት ቀድሜ ቆርጬው ነበር፤ ተውኩት። ላጋና እስኪወጣ፣ እሷም እስክትወጣ ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ‹ቁጥር በልመና አይቀየርም› አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ጓንቴን እንኳ አላወለቅኩም ነበር...»

«ከረጢቱን ለምን አልጣልከውም?» ግሬፒ ነበር የጠየቀው፤ ከልቡ ገርሞት።

ዮቪኔ ግሬፒን አላዋቂ ሰው እንደሚያዩት አየው። «የእናቴን?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ግሬፒ የላጋናን ካቴና አስፈታ። «በል እንግዲህ፣ ነጻ ነህ። ቅር አይበልህ።»

ላጋና አልተነሳም።

«ለልጆቼ ቅር አይበላችሁ ብዬ ልንገራቸው?» አለ አንጓውን እያሻሸ። «ይጻፉልኝ፣ ክቡር አቃቤ ሕግ። ‹ያለ ማስረጃ ሰው አስሬያለሁ፤ ተሳስቻለሁ› ብለው። ስሜን ከነሥራዬ ያስገቡት። ከዚያ ታች ወርደው ጮክ ብለው ያንብቡት።»

«አበድክ?»

«እኔ ከዚህ አልነሳም። እርስዎ ካልወረዱ ጋዜጠኞቹ ይውጡ፤ እኔ ልንገራቸው።»

ግሬፒ ወደ ኦርኔላ ዞረ። «ኢንስፔክተር፣ ይህን ሰውዬ አስወጪልኝ!»

ኦርኔላ ወንበር ሳበችና ከላጋና አጠገብ ተቀመጠች። ፉልቪያም የራሷን እየጎተተች መጥታ በሌላ ጎኑ ተቀመጠች። ከታች የጋዜጠኞቹ ጫጫታ ደረጃውን መውጣት ጀምሯል።

ግሬፒ ሦስቱንም በየተራ አየ፤ በሩንም አየ። ከዚያ ብዕሩን አወጣ።

«ላጋና» አለ በጥርሱ መሐል። «የቤተሰብ ስምህ የሚጻፈው በአንድ ‹n› ነው በሁለት?»

«በአንድ» አለ ላጋና። «በትልቁ ይጻፉት።»