በረዶው ሳይቀልጥ

ጎርፉ ድልድዩን ጠራርጎ ወስዶታል። መኪናው ከዚህ በላይ አይሄድም። የላብራቶሪ ባለሙያዋ የበረዶ ሳጥኗን አዘለች፤ ጡረታ የወጡት ደን ጠባቂ አባቷ ገጀራቸውን ይዘው ቀደሙ፤ ጫካው ዋጣቸው።

ሳጥኗ የያዘችው ከአውራ ጣት የማትበልጥ ብልቃጥ ነው። ውስጧ ያለው የውሻ ሰውነት በሕመም ሲቆጣ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ ከውሻ የተቀዳ ሳይሆን ላብራቶሪ ውስጥ በባክቴሪያ የተሠራ። ተራራው አናት ላይ ባለው የምርምር ጣቢያ አሥራ አንድ ውሾች በትኩሳት ወድቀዋል። የእንስሳት ሐኪሙ የሰጣቸው መድኃኒት ይሥራ አይሥራ የሚታወቀው፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ፕሮቲን መጠኑ አስቀድሞ ከታወቀው ከዚህኛው ጋር ሲነጻጸር ነው። የጣቢያው ብልቃጥ ተሰብሯል። የተቀዳው ደም ከነገ አያልፍም፤ ውሾቹ ደግሞ እንደገና ደም ለመስጠት አቅም የላቸውም።

ቀትር ላይ ሰማዩ ተደፋ። በረዶ ቅጠሉን እያረገፈ ወረደ። አለት ሥር ተወሸቁ። አባትየው ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷት።

«እኔን ተወኝ፣ ሳጥኗን ሸፍናት!»

«ሳጥኗማ በረዶ ለምዳለች። የምትንቀጠቀጪው አንቺ ነሽ።»

ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። «ልጅ ሆነሽ... ያቺ ውሻሽ ስትሞት...»

«አልሞተችም አባዬ። ተኩሰህ ገደልካት።»

«አበደች ብዬ ነው። ትኩሳት ብቻ ይሁን ሌላ፣ በምን ልወቅ? ለአንቺ ፈራሁ።»

ሃያ ዓመት ያላነሱት ነገር ነበር። ካፖርቱን ዘርግታ ግማሹን ትከሻቸው ላይ ጣለች።

ሲያባራ ወደ ሸለቆው ወረዱ። እዚያ አንድ ጎሽ መንገዱን ዘግቶ መሬቱን ይጭራል።

«አትሩጪ» አሉ በሹክሹክታ። «ቀስ ብለሽ ዛፉ ላይ ውጪ።»

ቅርንጫፉን ስትይዝ ጎሹ ተወረወረ። አባትየው ባርኔጣቸውን ፊቱ ላይ ወርውረው ወደ ጎን ዘለሉ። ጎሹ ባርኔጣውን በቀንዱ አንጠልጥሎ፣ ቁጥቋጦውን እየሰባበረ አለፈ። አባትየው ግን ሲዘሉ ጉልበታቸው ወለም ብሏቸው መነሳት አቃታቸው።

«ትተሽኝ ሂጂ። በረዶው እየቀለጠ ነው።»

«ትቼህ መሄዱን እርሳው!» ብላ ክንዳቸውን አንገቷ ላይ ጠመጠመች።

ወንዙ ዳር ሁለት ሕገወጥ አዳኞች ከታንኳቸው አጠገብ ጠመንጃ ታቅፈው ቆመዋል። ትልቁ አባትየውን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ።

«ስንት ወጥመዴን የሰበርክ ሽማግሌ! በእግርህ መጣህልኝ። ሳጥኑ ውስጥ ምንድን ነው?»

«የውሾች ደም መመርመሪያ» አለች ልጅቷ።

«ተረት! ክፈቺው።»

ከፈተችው። «ቶሎ እይ። ከሞቀች አሥራ አንድ ውሾች በከንቱ ደማቸውን ሰጡ ማለት ነው።»

አዳኙ ጎንበስ ብሎ ብልቃጧን አየ፤ ከዚያ ጭቃ የለበሱ እግሮቿን።

«ለዚህች ጠብታ?»

«ለዚህች።»

ጠመንጃውን ለጓደኛው አቀበለ። «ዝጊው በይ። ሽማግሌውን እኔ አዝለዋለሁ። ቂሜን ግን አልተውኩም!»

«እኔም ወጥመድህን መስበሬን» አሉ አባትየው፣ ጀርባው ላይ ሆነው።

ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ተያያዙት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣቢያው ሲደርሱ ከበረዶው የቀረው አንድ ጭብጥ ነበር። ብልቃጧ ግን እንደቀዘቀዘች ናት።

በማግስቱ ሐኪሙና ባለሙያዋ መመርመሪያ ሳህኑ ላይ አቀረቀሩ። የውሾቹ ደም የተጨመረባቸው የሳህኑ ትናንሽ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ቢጫ ሆኑ፤ ቢጫው በደመቀ ቁጥር ፕሮቲኑ በዝቷል ማለት ነው።

«ምን ይላል?» አሉ አባትየው። ከውሾቹ መሃል ተቀምጠው የአንዷን ራስ ጭናቸው ላይ አስተኝተዋል።

«ከመድኃኒቱ በኋላ የተቀዳው ደም ቀለሙ ሳስቷል። ቁጣው እየበረደ ነው፣ አባዬ።»

አጠገባቸው ተቀምጣ ጉልበታቸውን በቅባት ታሽላቸው ጀመር።

የአባትየው ጉልበት በሦስተኛው ቀን ዳነ። አባትና ልጅ ግን ውሾቹን አብረው እያስታመሙ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከተራራው አልወረዱም።