የቆርኪ ሠራዊት

ክረምት ሲገባ የወይዘሮ ደብሪቱ ከሰዓት በኋላ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ምስር ትለቅማለች፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲውን ከዚህ ወደዚያ ታዞራለች፣ በየመሃሉም የሳሎኑን በር ገፋ አድርጋ ልጇ መኖሩን ታያለች። ቤታቸው ደሴ ውስጥ፣ ከዳገት አናት ላይ ነው፤ ወደ ሰፈሩ የሚያወርደው መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ እሱም ይዋጥና እናትና ልጅ ከዓለም ተነጥለው የቀሩ ይመስላቸዋል።

ሚልክያስ የምግብ ጠረጴዛዋን ከወሰደባት ቆይቷል። ላዩ ላይ ከነጭ ፎምና ከጀሶ የሠራው አምባ ተገትሯል፤ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው አንዲት ጠባብ በር፣ ሣሩ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ። ከገደሉ ሥር የጣት አንጓ የሚያካክሉ ወታደሮች ከበዋል፤ እንዳይወድቁ እያንዳንዳቸው የለስላሳ ቆርኪ ላይ ተጣብቀዋል። ጨዋታው የድሮ የመሳፍንት ዘመን ከበባ ነው፤ ተጫዋቹም እሱ ብቻውን። አምባውን ራሱ ይጠብቃል፤ ጠላት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ዳይስ ጥሎ ይወስናል።

«ሚሉ፣ አሁንስ አይበቃም? ሰኞ እኮ ኮምቦልቻ ሥራ ትጀምራለህ» አለችው፣ ሳይነካው የቀረውን የምሳ ሳህን እያነሣች።

«ይቺ ከበባ ብቻ ትነሣ እማዬ። ከዚያ ሁሉንም ካርቶን ውስጥ ከትቼ ቆጥ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ሁለተኛ አልነካውም። እናቴ ትሙት!»

«አፍህን ቁረጥ! በእኔ ነው የምትምለው?» አለችና ጎንበስ ብላ ትንንሾቹን ፊቶች አየች። ዓይን አላቸው፣ ጢም አላቸው። «ደግሞ ምነው አፍ አልሠራህላቸውም?»

«ከሩቅ አይታይማ። እንዲያውም ጥሩ ነው፤ እንዳንቺ አይጨቀጭቁኝም።»

ሳቀ። እሷም ልትስቅ ብላ ተወችው። ይህ ልጅ ከወንበሩ ሳይነሣ ያረጃል የሚል ፍርሃት ሌት ተቀን ይበላታል።

«አምባው እጅ አልሰጥም ካላቸው እነዚህ ወታደሮችህ ምንድነው የሚያደርጉት?» አለችው።

«ዳይሱ ስድስት ካወጣ ሽማግሌ ይልካሉ። መያዣ ስጡን ነው የሚሉት። የአምባው ጌታ ልጁን ወይ እናቱን አሳልፎ ከሰጠ ከበባው ይነሣል፤ ካልሰጠ እሳት ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ያው ሽማግሌ ናቸው፣ እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም።»

ደብሪቱ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ግን ድብደባው እንደ ዝናብ አልተዘበራረቀም፣ ከሩቅ የሚጎሰም ነጋሪት ይመስል ምት ነበረው። የራሰ በቅሎና የተቃጠለ ሣር ሽታ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። በዚህ ሰፈር በቅሎ ያለው ሰው የለም። ጎረቤቶች ቅጠል እያቃጠሉ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች፣ ወዲያው ደግሞ በዚህ ዝናብ ማን ያቃጥላል ብላ ደነገጠች።

ጎረቤት ልትጠራ ወጣች። ጉሙ እስከ ደጃፉ ድረስ ቀርቧል፤ ውሻ አይጮህም፣ የሰው ድምፅ የለም። ከደረጃው ዳር የበቀለውን ሣር ይዛ ልትወርድ ስትሞክር ሣሩ ሥር እንደሌለው ተነቅሎ እጇ ላይ ፈረሰ። አረንጓዴ ሰጋቱራ ነበር። ግድግዳውን ተደገፈች፤ መዳፏ ነጭ ጀሶ ይዞ ተመለሰ። ከእግሯ ሥር፣ መንገዱ መኖር በነበረበት ቦታ፣ ከጥልቅ የሚመጣ ብዙ ትንፋሽ ይሰማል።

ወደ ውስጥ ሮጣ ገብታ በሩን ቀረቀረች። ያኔ ከሳሎኑ የዳይሱ መንከባለልና የልጇ የደስታ ጩኸት አንድ ላይ መጡ።

«ስድስት!»

በሩ ተንኳኳ።

«ሚሉ! አንተ ሚልክያስ!» ብላ ተጣራች፤ እሱ ግን እዚያው ሳሎን ለራሱ ያንጎራጉራል። መንኳኳቱ ተደገመ፤ ቁጣ የለበትም፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ነው። የበሩ እንጨት አርጅቶ ተሰነጣጥቋልና፣ ግፊያ እንደማይችል አውቃ በራሷ እጅ ከፈተችው።

ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። ጋቢያቸው ረጥቧል፣ ግን አይንጠባጠብም። ደብሪቱ ከልማዷ በቀር ምንም አልቀረላትምና፣ «ግቡ አባቶቼ፣ ተቀመጡ» ብላ አግዳሚውን አሳየቻቸው። አልተቀመጡም። ሲገቡም አልተራመዱም፤ ሲሚንቶው ላይ ቆርቆሮ ሲፋቅ ተሰማ። ከጋቢያቸው ጫፍ በታች እግር ሊኖር በሚገባበት፣ ዳሩ የተጨረማመተ የዛገ ክብ ብረት አየች።

የመካከለኛው እጁን አንሥቶ ወደ ሳሎኑ አመለከተ።

«ልጄን አልሰጥም» አለች። «ልጅ ወይ እናት አይደል ደንባችሁ? እናት አለች። እኔን ውሰዱኝ።»

ልጇ እንዳያያቸው የሳሎኑን በር በቀስታ ዘጋች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጉሙ ውስጥ ገባች።

ቅዝቃዜው ከእግሯ ጀምሮ ወጣ። አንዱን እግር ልታነሣ ስትሞክር ሁለቱም ከሥራቸው ካለው ክብ ብረት ጋር አንድ ሆነዋል። ጉሙ ሲገፈፍ ከአምባው በር ውጪ ቆማ ነበር፤ በላይዋ፣ የሰማዩን ግማሽ ሸፍኖ፣ የልጇ ፊት ነበረ። እንዲያ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም።

«ተነሣ! እማዬ፣ ከበባው ተነሣ እኮ!» አለና ከጠረጴዛው ራቀ። በየክፍሉ ሲጠራት ትሰማለች። ጎረቤት ሄዳ ይሆናል ሲል ሰማችው። ተመልሶ ሲመጣ ትልልቅ ጣቶቹ ወገቧን ይዘው አነሷት፤ አየት አደረጋት።

«ይቺን ደግሞ መቼ ነው የሠራኋት?»

ልትነግረው ፈለገች፤ ስሙ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፣ መውጫ ግን አልነበረውም።

«ይሁን፣ ቃል ቃል ነው። እማዬ ስትመጣ ጠረጴዛዋን ባዶ ስታገኘው ምን ያህል ደስ ይላታል!» አለና በጋዜጣ ተጠንቅቆ ጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አኖራት። ክዳኑ ገጥሞ ብርሃኑ ሲያልቅ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከጎኗ አንድ በአንድ ሲቀመጡ ሰማች።