ተንቀሳቅሰሻል

የሚስቅ ይሳቅ እንጂ ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ... በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ።

ባለቤቴ ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶ ቤቱ የቤታችን የፊት ክፍል ነው።

እዚያ ግድግዳ ላይ የመጀመሪያ ሚስቱ ፎቶ ተሰቅሏል። ነፍሷን ይማረውና፣ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ በሆዴ "እመቤቲቱ" እላታለሁ።

አውርደው ብዬ ለምኜዋለሁ። "ላንቺ አንድ የጠራ ፎቶ ይውጣልሽና ያኔ አወርዳታለሁ" አለኝ።

አልወጣልኝም...

የደንበኛው ሁሉ ፎቶ ጥርት ይላል፤ የእኔ ብቻ ይደበዝዛል። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው ይለኛል። ክርኑን ከጎኑ ያጣብቃል፣ ትከሻውን ግድግዳ ላይ ያስደግፋል፣ ትንፋሹን ይይዛል... ያው ነው።

ለእሷ ያልተንቀጠቀጠ እጅ ለእኔ ሲሆን ምን ነካው? ቆሽቴ አረረ። በሞተች ጣውንት የሚቀና ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ እኔን እዩ።

ያን ቀን ካሜራውን ራቅ አድርጎ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አሰረው። በራሱ እንዲያነሳ አዘጋጀውና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

ቀጭ።

ፎቶውን አየው... አጉልቶ ደግሞ አየው...

"ምነው?" አልኩት።

"ወንበሩ ጠርቷል። ግድግዳውም ጠርቷል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ካሜራው ቢነቃነቅ ኖሮ ሁሉም ነበር የሚደበዝዘው። አንቺ ነሽ የተንቀሳቀስሽው።"

"ትንፋሼን ይዤ ነበር እኮ..."

የድሮዎቹን አውጥተን አየናቸው። ፊቴን ብቻ አቅርቦ ያነሳቸው ስለነበሩ ልብ ብለን አናውቅም። በሁሉም ላይ ፊቴ የተጎተተው ወደ አንድ ጎን ነው።

ወደ በሩ።

መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ቅናቴ ባሰብኝ። ከገዛ ቤቴ ማን አባቷ ናት የምታስወጣኝ? ወንበሩን አንስቼ ልክ ከፎቶዋ ሥር አስቀመጥኩት።

"ተይ..." አለኝ በሹክሹክታ።

"አንሳ።"

የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ ተቀመጥኩ። ማጅራቴን ቀዘቀዘኝ። ዞር አላልኩም...

ቀጭ።

ጥርት ብዬ ወጣሁ። የእኔም ሽፋሽፍት ተቆጠረ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

"በል አሁን አውርዳት" አልኩት።

እሱ ግን ፎቶው ላይ ከጭንቅላቴ በላይ ያለውን ቦታ እያጎላ ነበር።

የእመቤቲቱ ፍሬም ጥርት ብሏል። የተሰቀለችበት ምስማር ይታያል። መስታወቷ ላይ ያለው አቧራ እንኳ ይታያል።

ውስጡ ያለው ፊት ግን ደብዝዟል።

ወደ ታች ተጎትቶ... ወደ እኔ።