ተዛንፎ የተነጠፈ ሳር

አዳውቶን ከመስኖ ኩሬው ሲያወጡት ሁለቱም ቦት ጫማዎቹ እግሩ ላይ ነበሩ፤ ማሰሪያቸውም እንደታሰረ ነው።

«ሲዋኝ ነው የሰመጠው» አለ ቫልዴሲር፣ ሠራተኞቹን ድርቅ ከመታው ገጠር ሰብስቦ ያመጣቸው ደላላ።

«በጫማው?» አለች ዡሬማ።

ዡሬማ የመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው ላይ የተቆለፈ በር ስታስከፍት ኖራለች። ወደዚህ ሳር የሚመረትበት እርሻ እንድትመጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከደወለላት አራተኛ ቀኗ ነው። የመኪናዋ ነዳጅ ፈቃድ ላይ ፊርማ እስኪያርፍ ሦስቱ ቀን አለፈ፤ አዳውቶ የሞተው ደግሞ ትናንት ማታ ነው። ይህን እያሰበች በሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። ማጅራቱ ተሰንጥቋል።

አብሯት የመጣው የፖሊስ ሃምሳ አለቃ አርሊንዶ ግን ገዳዩን ካገኘ ቆይቷል። የሟች ታናሽ ወንድም ዳሚያዎ በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ትናንት እራት ላይ ሲጨቃጨቁ ያልሰማ የለም፣ ዶና ዡሬማ። እሱም አላደረግሁም አላለ። እኩለ ቀን ላይ ይዤው እሄዳለሁ።»

«እስከ እኩለ ቀን ስንት ሰዓት አለኝ?»

«አራት።»

«ይበቃኛል» አለች፤ እንደሚበቃት ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

የእርሻው ባለቤት ኦታሲሊዮ በረንዳው ላይ ተቀበላት። ሆዱም ፈገግታውም ሰፊ ነው።

«እኛ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነው የምንኖረው፣ ዶና።»

«የቤተሰቡ መታወቂያ ታዲያ ለምን በብረት ሳጥን ተቆለፈበት?»

«እንዳይጠፋባቸው ነዋ! ለጥንቃቄ።»

«በሩ ላይ ያለው ባለ ጠመንጃስ? እሱም እንዳይጠፉ ነው?»

ሰውዬው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። ዡሬማ የስም መዝገቡን ተቀበለችው። ከአሥራ አንዱ ሠራተኞች አሥሩ በአውራ ጣት፣ አንዱ ብቻ በፊርማ። ፈራሚው ዳሚያዎ ነው። መዝገቡን ዘጋችና ይህን በልቧ ያዘችው።

ቀጥሎ ያነጋገረችው ላውሮን ነው። ላውሮ የመጣው ሳሩን ከሚገዛው የሳን ፓውሎ የጓሮና የመናፈሻ ሥራ ድርጅት ሲሆን ትናንት ከሰዓት ደርሶ በእንግዳ ማረፊያው አድሯል። ሥራው ሳሩም ድንጋዩም የሚመጣበትን ቦታ እየዞሩ በግድ የሚሠራ ሰው እንደሌለ ማረጋገጥ ነው። አርባ ሁለት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይዟል፤ ሁሉም ላይ ምልክት ተደርጓል።

«ይኼን ነገር ለመከላከል ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት» አለ ከልቡ እንዳዘነ ሰው። «ወንድም ወንድሙን ሲገድል ማየት ያማል።»

«ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ሠራተኛው በፈለገ ጊዜ መውጣት ይችላል። አዎ ብለሃል። ማንን ጠይቀህ ነው?»

«ባለቤቱን ነው የምንጠይቀው። አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

ሊነሳ ሲል ጉልበቱን በእጁ ደግፎ ተቃሰተ። «የወጣትነት ሥራ ያተረፈልኝ ነው» አላት እንደ ማፈር ብሎ።

ዡሬማ ከእሱ ተለይታ በመጋዘኑ በኩል ዞረች። ደጁ ላይ ያለው ሳር ከበጋው ድርቀት የተነሳ ገርጥቷል። መሐሉ ላይ ግን አንድ አልጋ የሚያህል ቦታ ለምልሟል። ተንበረከከች። ከነአፈሩ ተቆርጦ የሚሸጠው የሳር ንጣፍ ነው፤ ግንበኛ ጡብ እንደሚደረድር መጋጠሚያው ተዛንፎ ተነጥፏል። ጠርዙ ተከርክሟል፣ ክፍተቱም በአሸዋ ተሞልቷል። አንዱን ንጣፍ ገለጠችው። ከሥሩ ያለው አፈር ጠቁሯል፣ ዝንብም ወረደበት። ሰውዬው የተገደለው ኩሬው ውስጥ አልነበረም።

ከጎኑ ለማለዳው መኪና የተዘጋጀ ጭነት ነበር። የተነጠፈው ከዚያ የተወሰደ መሆን አለበት። ንጣፎቹን አንድ በአንድ ስታነሳ በሁለት ሳር መካከል የታጠፈ ወረቀት አገኘች።

«አሥራ አንድ ነን። መታወቂያችን ተቆልፎበታል። በሩ ላይ ጠመንጃ አለ። ይህን ላገኘ ሰው ስንጽፍ ይህ ሰባተኛ ጊዜያችን ነው። እባካችሁ።»

ዡሬማ ያቺን «እባካችሁ» ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ስድስቱስ? ስድስቱ ማን እጅ ገቡ?

እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሁሉንም መጋዘኑ ደጅ ሰበሰበቻቸው፤ ሠራተኞቹንም ጭምር።

«ቫልዴሲር፣ እስቲ ስድስት ንጣፍ አንጥፍልኝ።»

ደላላው እያጉረመረመ ወረወራቸው። ኦታሲሊዮ «እኔ ጎንበስ አልልም» አለ። ዳሚያዎን ካቴናውን አስፈትታ አስነጠፈችው። እነዚህ ሰዎች ሳር ሲቆርጡ ይውላሉ እንጂ የተነጠፈበትን ጓሮ አይተውት አያውቁም። ስለዚህ እሱም ለጭነት እንደሚደረድረው ጫፍ ለጫፍ፣ መጋጠሚያውን በአንድ መስመር አድርጎ አስቀመጠው።

«ጎበዝ» አለች ዡሬማ። «እንዲህ ነው የሚነጠፈው።»

«ኧረ እንዲህ አይደለም!» አለ ላውሮ። «መጋጠሚያው አንድ መስመር ከሠራ ውሃ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ አዛንፈው እንጂ!» ብሎ ተንበረከከና በፍጥነት አስተካከለው። ከዚያ እጁ ዞር ብሎ አሸዋ ፈለገ። አሸዋው ከኋላው ተከምሯል፤ አንድ እፍኝ ዘገነ። ያኔ ነው ሁሉም እጁን እያዩ መሆናቸውን ያስተዋለው።

«ቀጥል» አለች ዡሬማ በቀስታ። «ትናንት ማታ እንዳደረግኸው።»

አሸዋው ከእጁ ፈሰሰ።

«አዳውቶ የሞተው እዚህ ነው» አለች ወደ ሃምሳ አለቃው ዞራ። «ገዳዩ ሬሳውን ኩሬው ውስጥ ጣለ፤ ደም የነካውንም ሳር አንስቶ አዲስ አለበሰበት። እዚህ እርሻ ቆራጭ እንጂ አንጣፊ የለም። ይኼኛው ግን ወጣትነቱን በጉልበቱ ተንበርክኮ ሳር ሲያነጥፍ ያሳለፈ ነው፤ በችኮላም ቢሆን እጁ መጥፎ ሥራ እሺ አላለውም። ለምን ገደለው? ከዚህ በሚሄደው ሳር ውስጥ ስድስት ደብዳቤ ከተማ ደርሷል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ በድርጅቱ የሚሰጠው ለማን ነው? ማንም በግድ እንዳይሠራ ለሚቆጣጠረው ሰው። ቦርሳውን ፈትሽ።»

ስድስቱም ከቅጹ ሥር ተገኙ።

«ማን እንደጻፈው ብቻ ነው የጠየቅሁት!» ብሎ ጮኸ ላውሮ። «በየዓመቱ ንጹሕ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይኼ ቢወጣ አንድ ቀን ሥራዬ ላይ አያሳድሩኝም። በዚህ ጉልበት ተመልሼ ሳር ላንጥፍ? እኔ ነኝ የጻፍኩት አለኝ። ዝም በል አልኩት፤ እምቢ አለ። አካፋው ደግሞ እጄ ላይ ነበር...»

«አዳውቶ ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም ነበር» አለች ዡሬማ።

ዳሚያዎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«በቃ፣ ከእንግዲህ አልጽፍም አልኩት። ይገድሉናል አልኩት። አንድ ብቻ ጨምርልኝ፣ የሚያነብ ሰው አይጠፋም አለኝ። ጭቅጭቃችን ይኼ ነበር። ጻፍኩለት።»

ሃምሳ አለቃው ላውሮን በካቴና አሰረው፤ ኦታሲሊዮን፣ ደላላውንና ባለ ጠመንጃውንም ወደ መኪናው ላካቸው። ዡሬማ ሳጥኑን አስከፍታ መታወቂያዎቹን እያስፈረመች አደለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ከሠራተኞቹ አንድም የወጣ አልነበረም። «ሂዱ» እስኪባሉ ይጠብቃሉ። ዡሬማ ይህን ብዙ ቦታ አይታለች።

የዳሚያዎ ተራ ደረሰ። የራሱንና የወንድሙን ሰጠችው፣ እስክሪብቶም አቀበለችው።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ በወንድሙ ስም ትይዩ አሳረፈ። ከዚያ ደግሞ ነከረና በራሱ ስም ትይዩ አሳረፈ።

«አንተ እኮ መጻፍ ትችላለህ» አለችው።

«እችል ነበር፣ እመቤቴ» አላት፤ ጣቱንም ሱሪው ላይ ጠረገ።